በሰሜን አገሮች የሣር ጓል ጣሪያና የቤት ውስጥ ሙቀት ታሪክ

በኖርዌይ፣ በአይስላንድና በፌሮ ደሴቶች የሚኖሩ ሕዝቦች ከሺህ ዓመት በላይ የቤታቸውን ጣሪያ ሕይወት ባለው ሣር ሲሸፍኑ ኖረዋል። ይህ ልማድ በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመት ሸክላ፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሲስፋፉ ከብዙው ቦታ ጠፍቶ ነበር፤ ከቅርብ ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ ግን «አረንጓዴ ጣሪያ» በሚል ስም በታላላቅ ከተሞች ሕንጻዎች ላይ ተመልሶ ታይቷል። ጣሪያው ሲመለስ አንድ አሳብ አብሮት ተመልሷል፤ ይኸውም ሣርና አፈር የተሸከመ ቤት በብርድ ጊዜ ውስጡ ሞቃት ነው የሚለው ነው። አሳቡ እውነት አለበት። ነገር ግን እውነቱ ብዙዎች በሚፈልጉት ቦታ አይገኝም።

አስቀድሞ ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው። ክረምት በኢትዮጵያ የዝናብ ወራት ስም ስለ ሆነ፣ የሰሜኑን የበረዶ ወቅት በዚሁ ቃል መጥራት አንባቢን ያሳስታል፤ ያ ወቅት የሚውለው በኢትዮጵያ በጋ በሚሆንበት ጊዜ ነውና በዚህ ጽሑፍ «የብርድ ወራት» ተብሏል። ሣር ክዳን የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ ሣር ክዳን ማለት ታጭዶ የደረቀ ሣር በወጋግራና በማገር ላይ የተደራረበበት ቤት ነው። የሰሜኑ ሣር ግን ከነሥሩና ከነአፈሩ በአካፋ ተቆርጦ እንደ ምንጣፍ የሚነሣ፣ ጣሪያው ላይም ከተነጠፈ በኋላ መብቀሉን የሚቀጥል ነው። ስለዚህ «የሣር ጓል» ብሎ መጥራት ይሻላል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

የኖርዌዩ ጣሪያ አሠራር ብዙ ያስተምራል። ከግንድ በተሠራው ግድግዳ ላይ ተዳፋት ያለው የሳንቃ ጣሪያ ይጣላል። በሳንቃው ላይ በርች ከሚባለው ነጭ ዛፍ የተገፈፈ ቅርፊት፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ በብዙ ድርብ ይነጠፋል። ከዚህ በኋላ ሁለት ድርብ የሣር ጓል ይጫንበታል፤ የታችኛው ሣሩ ወደ ታች፣ የላይኛው ሣሩ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል። የታችኛው ሣር ቅርፊቱን ከአፈሩ ርጥበት ጥቂት ሲያርቅለት፣ የላይኛውና የታችኛው አፈር ደግሞ በሥር ተሳስረው አንድ ይሆናሉ። ጓሉ እንዳይንሸራተት በጣሪያው ጫፍ አንድ ግንድ ይጋደማል። የአፈሩ ውፍረት በጠቅላላው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱም በአንድ ካሬ ሜትር 250 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ በረዶ ሲጨመርበት እስከ 400 ወይም 500 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ ስሙ የሣር ጣሪያ ይባል እንጂ ዝናቡን የሚከለክለው ሣሩ አይደለም፤ ቅርፊቱ ነው። ቅርፊት ፀሐይ ሲመታው ይጠቀለላል፣ ነፋስም ያነሣዋል፤ ስለዚህ የአፈሩ ዋና ሥራ ቅርፊቱን ተጭኖ በቦታው ማቆየት ነበር። በዚህም ምክንያት ቅርፊቱ እንደ ተነጠፈ ጓሉ ቶሎ መጫን ስለ ነበረበት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ ሥራው በአጭር ጊዜ ያልቅ ነበር። ኖርዌያውያን ይህን ዓይነቱን የመረዳዳት ሥራ ዱግናድ ይሉታል፤ ደቦ ለሚያውቅ አንባቢ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ክብደቱ ሁለተኛ ጥቅም ነበረው፤ በቤት ሙቀት ረገድም ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ሳይሆን አይቀርም። የግንድ ግድግዳ በየመጋጠሚያው ሽንቁር አለው። ኖርዌያዊው ገበሬ ሽንቁሩን በደረቀ የዛፍ ሽበት ይደፍነው ነበር፤ ነገር ግን እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ድፍኑ ይላላል። ብዙ ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን ጣሪያ ከላይ ሲጫነው ግንዱ በግንዱ ላይ እየጠበቀ ይሄዳል፣ ነፋስም መግቢያ ያጣል። ሞቃት አየር በሽንቁር እየወጣ ቀዝቃዛው ከገባ ግን የጣሪያ ውፍረት እምብዛም አይረዳም። በዚህ ዓይን ሲታይ የአፈሩ ጣሪያ ቤቱን ያሞቀ የነበረው በላይ በኩል ሳይሆን በግድግዳው በኩል ነው ማለት ይቻላል።

አፈሩ ራሱስ ምን ያህል ሙቀት ያግዳል? ይህን ለመረዳት ጋቢን ማሰብ ይበቃል። ጋቢ የሚያሞቀው ጥጡ ሙቀት ስላለው አይደለም፤ በአራቱ ድርብና በድሩ መካከል የማይንቀሳቀስ አየር ስለሚይዝ ነው። ጋቢው በዝናብ ሲርስ ክብደቱ ይጨምራል፣ ሙቀቱ ግን ይጠፋል። አፈርም እንዲሁ ነው። የረጋ አየር ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው በአንድ ሜትር በአንድ ዲግሪ 0.025 ዋት ያህል ሲሆን፣ የውሃ 0.6፣ የበረዶ ግግር ደግሞ 2.2 ያህል ነው። በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው አየር በውሃ ሲተካ፣ ሙቀት ከ20 ጊዜ በላይ የተሻለ መንገድ ያገኛል፤ ያ ውሃ በውርጭ ሲረጋ ደግሞ መንገዱ ከሦስት ጊዜ በላይ እንደ ገና ይሰፋል። በደረቅ ጊዜ 0.3 ያህል የነበረው አፈር በውሃ ሲጠግብ 1.5 ሊደርስ ይችላል። በዚህ ስሌት 15 ሳንቲ ሜትር ርጥብ አፈር የሚያግደው ሙቀት፣ ዛሬ በግንብ ሥራ ከሚታወቀው የማዕድን ሱፍ 4 ሚሊ ሜትሩ ከሚያግደው አይበልጥም። አፈሩ ደረቅ ቢሆን እንኳ 2 ሳንቲ ሜትር ሱፍ ያህል ነው። የሰሜን አገር አፈር ደግሞ የሚረጥበው ብርዱ በሚጠናበት ወራት ነው።

ለሣሩ ሁለት ነገር ሊመሰገንለት ይገባል። አንደኛው፣ ቁመቱና ሸካራነቱ በረዶን ስለሚይዝ ነፋስ ጠርጎ እንዳይወስደው ያደርጋል፤ አዲስ የወደቀ በረዶ አብዛኛው አየር ስለ ሆነ እጅግ መልካም ልብስ ነው። ሁለተኛው፣ ርጥብ አፈር ሲረጋ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ውሃ 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ስለሚለቅ፣ ውርጭ በመጣባቸው የመጀመሪያ ቀኖች ጣሪያው ዜሮ ዲግሪ ላይ ቆይቶ ብርዱን ያዘገያል። ይህ ግን መዘግየት ብቻ ነው፤ ውሃው ሁሉ ከረጋ በኋላ ያበቃል።

የአይስላንድ ታሪክ ከዚህ የከበደ ነው። ከ870 ገደማ ጀምሮ ከኖርዌይና ከብሪታንያ ደሴቶች የመጡ ሰዎች በደሴቲቱ ላይ ሰፈሩ። በዚያን ጊዜ ከምድሪቱ ሩብ ያህሉ፣ ምናልባትም ከዚያ የሚበልጠው፣ በአጭር የበርች ዱር የተሸፈነ እንደ ነበር ይገመታል። ሰፋሪዎቹ ረጅም አዳራሽ ሠርተው በመካከሉ ረጅም የእሳት ምድጃ አነደዱ፤ በ1939 በስቶንግ የተቆፈረው የጥንት ቤት ፍርስራሽ የዚህን አዳራሽ መልክ ለሊቃውንት አሳይቷል። ይሁን እንጂ ዱሩ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ሲባል ተመነጠረ፣ በጎችም ቡቃያውን እየበሉ እንዳይተካ አደረጉ፤ አፈሩም በነፋስ ተጠረገ። ከዚህ በኋላ የአይስላንድ ሕዝብ ለስድስትና ለሰባት መቶ ዓመት የኖረው ያለ እንጨት ማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ነበር። ለግንባታ ከባሕር ተገፍቶ የሚመጣ ግንድ ይለቀም ነበር፤ ለማገዶም የበግ ኩበትና ከረግረግ ተቆፍሮ የደረቀ አፈር ያገለግል ነበር።

ቤቱም በዚህ ችግር ልክ ተለወጠ። ግድግዳው ከጨፌ በተቆረጠ የሣር ጓል ይካብ ነበር። የጨፌው አፈር በሥር ብዛት የተሳሰረ ስለ ሆነ ሲደርቅ ቀላልና ጠንካራ ይሆናል። በውስጥና በውጭ ሁለት ረድፍ ጓል ተክቦ መካከሉ በአፈር ስለሚሞላ፣ ግድግዳው ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ይወፍራል። እዚህ ላይ ከኖርዌይ የሚለይ ነገር አለ፤ ጣሪያው 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ብዙ ሙቀት አያግድም፣ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ግድግዳ ግን ቁሱ መካከለኛ እንኳ ቢሆን በውፍረቱ ብቻ ዛሬ ከዐሥር ሳንቲ ሜትር የማዕድን ሱፍ ጋር የሚወዳደር ይሆናል። ጉድለቱ በላይ በኩል ነበር። አይስላንድ ቅርፊቱ ለጣሪያ የሚበቃ ዛፍ ስላልነበራት፣ በጓሉ ሥር የሚነጠፈው ጭራሮ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ስለዚህ ውሃን የሚከለክለው የጣሪያው ተዳፋትና የሣሩ ጤንነት ብቻ ሆነ፤ ተዳፋቱ ካነሰ ዝናቡ ሰርጎ ይገባል፣ ከበዛ ደግሞ አፈሩ በደረቅ ጊዜ ይሰነጠቃል። ዝናብ በሚበዛበት በደቡቡ ክፍል ቤቱ በየጊዜው መታደስ ሲኖርበት፣ ደረቅ በሆነው በሰሜኑ ረዘም ላለ ዘመን ይቆይ ነበር። በሬይክያቪክ የጥር ወር አማካይ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ብርዱ እንደ ሩቅ ሰሜን አገሮች የጠና አይደለም። ጠላቱ ነፋስና ርጥበት ነበር።

ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ትልቁ አዳራሽ እየቀረ፣ ትናንሽ ክፍሎች በአንድ ረጅም ጠባብ መተላለፊያ የሚያያዙበት ቤት ተተካ። በሩ በመተላለፊያው አንድ ጫፍ፣ ሰዎች የሚያድሩበት ክፍል ደግሞ በሌላው ጫፍ ስለ ነበረ፣ ከውጭ የገባው ብርድ ከመንገዱ ላይ ይቀር ነበር። የማደሪያው ክፍል ባድስቶቫ ይባላል፤ ትርጉሙ የመታጠቢያ ክፍል ማለት ነው። የእንፋሎት መታጠቢያ የነበረው ክፍል የቤተ ሰቡ ሁሉ ማደሪያ እንዴት እንደ ሆነ ሊቃውንት ይከራከራሉ። የቆየው አስተያየት ማገዶ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሙቀት ወደ ቀረበት ወደ አንዱ ክፍል ተሰበሰበ የሚል ነው፤ ነገሩ በአንድ ጊዜ የተፈጸመ ያህል ስለሚያቀርበው ግን በጥንቃቄ መቀበል ይሻላል። ያም ሆነ ይህ በ18ኛው መቶ ዓመት በብዙ ቤት ባድስቶቫው እሳት የማይነድበት ክፍል ነበር። ምግብ የሚበስልበት ምድጃ በሌላ ክፍል ስለ ነበረ ጢሱ ከማደሪያው ራቀ፤ ሙቀቱም አብሮት ራቀ።

ታዲያ ሙቀቱ ከየት ይመጣ ነበር? ከሰዎቹ ከራሳቸው ነው። አንድ ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ በአንድ ጠባብ ክፍል ዐሥር ሰዎች ቢያድሩ ከአንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጋር እኩል ናቸው። አልጋዎቹ በሁለቱ ግድግዳዎች ርዝመት ተሠርተው በአንዱ አልጋ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ይተኛ ነበር። በደቡብ ምሥራቁ አውራጃ ባድስቶቫው ከላሞች ጋጣ በላይ ይሠራ ስለ ነበረ የከብቱም ትንፋሽ ወለሉን ያሞቀው ነበር። መስኮቱ ትንሽ ነበር፤ መስተዋት ባልነበረበት ዘመን ከእንስሳ የተወሰደ ስስ ሽፋን ይወጠርበት ነበር። በረጅሙ የብርድ ወራት ምሽት ቤተ ሰቡ በአንድ የዘይት መብራት ዙሪያ ተቀምጦ ሱፍ ሲያበጥር፣ ሲፈትልና ሲሠራ አንዱ የጥንቱን ታሪክ ወይም የጸሎት መጽሐፍ ያነብብ ነበር። ይህም ክቮልድቫካ ይባላል። የአይስላንድ ሕዝብ የጥንት ታሪኮቹን ጠብቆ በማቆየቱ ሲመሰገን ይህ የምሽት ንባብ ይጠቀሳል፤ ንባቡን በአንድ ክፍል ውስጥ የሰበሰበው ግን የማገዶ እጦት ጭምር እንደ ነበረ መርሳት አይገባም።

ለዚህ ሙቀት የሚከፈል ዋጋ ነበረ። ሙቀት እንዳይወጣ የተዘጋ ቤት እርጥበትንም ክፉ አየርንም አያስወጣም። ወደ አገሩ የሄዱ መንገደኞች የቤቱን ሽታና ርጥበት አጥብቀው ነቅፈዋል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የሳንባ ነቀርሳ በአገሩ በበረታ ጊዜ (በ1910 በቪፊልስታዲር ለዚሁ በሽታ ሆስፒታል ተከፍቷል) ሐኪሞች ጠባቡንና ርጥቡን የጓል ቤት ከበሽታው መስፋፋት ምክንያቶች አንዱ አድርገው ቈጠሩት። ነቀፋው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ነቃፊዎቹ ብዙ ጊዜ ያላዩት፣ መስኮት መክፈት ለእነዚያ ሰዎች ማገዶን ወደ ውጭ የመጣል ያህል መሆኑን ነው።

እዚህ ላይ በትግራይና በኤርትራ ደጋ የሚታወቀውን ህድሞ ማንሣት ተገቢ ነው፤ እርሱም አፈር የተሸከመ ቤት ነውና። የድንጋይ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ በእንጨቱ ላይ የተደለደለው አፈርም ጠፍጣፋ ነው። ነገር ግን በዚያ ደጋ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ብርዳም ስለ ሆነ ከባዱ አፈርና ድንጋይ የቀኑን ሙቀት አጠራቅሞ ማታ ይመልሰዋል። ሙቀትን ማጠራቀምና ሙቀትን ማገድ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ክብደት ለመጀመሪያው ይጠቅማል፣ ለሁለተኛው ግን የረጋ አየር ያስፈልጋል። በአይስላንድ በታኅሣሥ ፀሐይ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ዝቅ ብላ ስለምትታይ፣ የአፈሩ ክብደት የሚያጠራቅመው ነገር አልነበረውም። ሁለቱን ቤቶች በመልካቸው አንድ አድርጎ የሚመድብ ጥናት ይህን ልዩነት ያልፈዋል።

በ1910 ከአይስላንድ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና በጓል ቤት ይኖር ነበር። በሚቀጥሉት ሃምሳ ዓመታት ቤቱ ፈጽሞ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ጠፋ። ቆርቆሮ ከብሪታንያ በመርከብ እየመጣ ጣሪያውን ወሰደ፣ ሲሚንቶም ግድግዳውን። አዲሶቹ ቤቶች መጀመሪያ ላይ የተመኙትን ሙቀት አልሰጡም፤ አንድ ድርብ የሲሚንቶ ግድግዳ ብርድ ያስገባል፣ በውስጥ ፊቱም ጤዛ ይቋጥራል። ግንበኞቹ መፍትሔ ያገኙት ከአሮጌው ቤት ነው። የረግረግ አፈርና የደረቀ የሣር ጓል በግድግዳው ውስጥ ወይም በውስጥ ፊቱ ላይ አደረጉ። ያው ጓል ከዝናብ ተጠልሎ ደረቅ ሆኖ ሲቀመጥ፣ በውጭ ሳለ ከሠራው የተሻለ ሠራ። በ1930 ደግሞ ከምድር የሚፈልቅ ፍል ውሃ በቧንቧ ወደ ሬይክያቪክ ቤቶች መግባት ጀመረ፤ ዛሬ ከዐሥር ቤቶች ዘጠኙ ያህል የሚሞቁት በዚሁ ነው።

በኖርዌይም ጥያቄው ከልማድ ወደ መለኪያ የተሸጋገረው በዚያው ዘመን ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የማገዶና የቤት እጥረት በበረታበት ጊዜ፣ ፕሮፌሰር አንድሬያስ ቡገ በትሮንድሃይም የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ትናንሽ የሙከራ ቤቶች አሠርተው፣ የእያንዳንዱ ግድግዳ ሥሪት የተለያየ ሆኖ፣ ሁሉንም በኤሌክትሪክ እያሞቁ የፈጁትን ኃይል አነጻጸሩ። ከዚያ ወዲህ የአንድን ግድግዳ ሙቀት የማገድ ችሎታ በቁጥር መግለጽ የሰሜን አገር መሐንዲሶች የዕለት ሥራ ሆነ።

የዛሬው አረንጓዴ ጣሪያ ግን የተወለደው ከእነዚህ አገሮች ሳይሆን ከጀርመን ነው፤ የተወለደውም ሙቀት ፍለጋ አልነበረም። በ1839 ገደማ በሽሌዝየን የሚኖር ሳሙኤል ሖይስለር የሚባል ሰው፣ በቅጥራን የተጣበቀ ወረቀት በሳንቃ ላይ ደራርቦ በላዩ አሸዋና ጠጠር የሚያለብስ ጣሪያ ሠራ። ጠጠሩ የሚፈለገው ወረቀቱን ከፀሐይና ከእሳት እንዲጠብቅ ነበር። ይህ ጣሪያ በበርሊን የኪራይ ቤቶች ላይ ሲስፋፋ ነፋስ ዘር አምጥቶ ዘራበት፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የተገኙት ጥቂት ጣሪያዎች ሣር ለብሰው ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጀርመናውያን ይህን በዕቅድ ማድረግ ጀመሩ፣ በ1982ም የመጀመሪያው የአሠራር መመሪያ ታተመ። ዓላማው የዝናብ ውሃን ማዘግየት፣ የበጋውን ፀሐይ መከላከልና ለከተማው ልምላሜ መስጠት ነበር።

በብርድ ወራት ስላለው ጥቅም ግልጽ መልስ የሰጠው በኦታዋ ከተማ የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ከ2000 እስከ 2002 ያደረገው ልኬት ነው። የአንድ ጣሪያ ግማሹ ሣር የበቀለበት፣ ግማሹ የተለመደው ዓይነት ሆኖ፣ በሁለቱም ሥር ሙቀት ማገጃ ነበረ። ሣር ያለበት ወገን ከውጭ የሚገባውን የበጋ ሙቀት 95 በመቶ ሲቀንስ፣ በብርድ ጊዜ ከውስጥ የሚወጣውን የቀነሰው 26 በመቶ ብቻ ነው። ይህም የሆነው በአብዛኛው በመጀመሪያው የብርድ ጊዜ፣ አፈሩ ገና ሳይረጋ ነው። አፈሩ ከረጋ በኋላ ጥቅሙ እየቀነሰ ሄደ፤ ወፍራም በረዶ በሁለቱም ወገን ላይ ሲከማች ደግሞ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጠፋ። የቀረውን ሥራ የሠራው በረዶው ነበርና።

በ2001 በግሪክ የወጣ ሌላ ጥናት ነገሩን ከሌላ ወገን ያሳያል። ሙቀት ማገጃ በሌለው ቤት ላይ አረንጓዴ ጣሪያ ቢጨመር በዓመት ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ ከሚወጣው ኃይል ከ31 እስከ 44 በመቶ ሲያድን፣ ማገጃው በተሟላለት ቤት ላይ ቢጨመር የሚያድነው 2 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ባዶውን የሲሚንቶ ጣሪያ የሚያለብስ ማንኛውም ነገር ብዙ የጠቀመ ይመስላል። በጀርመን የሕንጻ ስሌት ውሃ ሊጠግብ የሚችለው የጣሪያ አፈር በተለምዶ እንደ ሙቀት ማገጃ የማይቈጠረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ መሐንዲሱ የሚተማመነው ከውሃ መከላከያው በታች ደርቆ በሚቀመጠው ልባስ ላይ ነው። በብርድ አገር አረንጓዴ ጣሪያ ተከልሁ ብሎ ማገጃውን የሚያሳሳ ባለቤት ግን ልዩነቱን የሚያየው በማሞቂያው ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ተከራይ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው።

በዛሬው የኖርዌይ የተራራ ቤት ሣር እንደ ገና በጣሪያው ላይ ይበቅላል። ከታች ሳንቃ አለ፤ ከዚያ እንደ ቤቱ ዓይነት 20 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የማዕድን ሱፍ ይገባል፤ በርች ቅርፊት በነበረበት ቦታ ጕብጕብ ያለው ፕላስቲክ ተነጥፏል፤ በላዩ የሣር ጓሉ ተጭኗል። ፕላስቲኩ እንደ ቅርፊቱ ስለማይጠቀለል የአፈሩ ክብደት የቀድሞውን ያህል አያስፈልግም፤ ግድግዳውም በሌላ ዘዴ ስለሚደፈን የሚጫነው አይፈልግም። ቅርፊት የሚገፈፈው በአብዛኛው በቤተ መዘክር ያሉት አሮጌ ቤቶች ሲታደሱ ነው፤ የሚመረጠውም እንደ ጥንቱ በበጋው መጀመሪያ፣ የዛፉ ውሃ ወደ ላይ በሚወጣበትና ቅርፊቱ በቀላሉ በሚለቅበት ጊዜ ነው።